ድር የማያደራው ሸረሪት

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ለገና እህቴ ከአዲስ አበባ ኦርኪድ ይዛልኝ መጣች። ሰፋፊ ቅጠል ያላት፣ ሐምራዊ የምታብብ፣ ፋላኖፕሲስ የሚሏት ናት። ሳሎን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። እስከ ጥምቀት ደህና ነበረች። ከየካቲት ወዲህ የቅጠሎቿ ጀርባ ብርማ ሆነ። ሲዳሰስ ይሻክራል፤ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። አሁን ደግሞ ወደ ቡናማ እየሄደ ነው። አንዷ የታችኛዋ ቅጠል ቢጫ ሆና ወደቀች። የግብርና መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ስነግራቸው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን የሚል ሰጡኝ። ሁለቴ ረጨሁ። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ጎረቤቴ ‹ቀይ ሸረሪት ነው› አለችኝ። እኔ ግን ድር የሚባል ነገር አላየሁም። ፀሐይ መትቷት ነው? ተባይ ነው? ልጣላት ወይስ ትድናለች?»

እህቴ፣ አትጣያት። አትርጫትም፤ ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ።

ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት ነገሩ ተባይ ነው፤ ተባዩም ማይት የሚባል ደቃቅ ፍጥረት ነው። ጎረቤትሽ ግማሹን አግኝታዋለች። ድር አለማየትሽ ግን ማይትን ነፃ አያወጣውም። ድር የሚያደራ ማይት አለ፤ ድር የማያደራም አለ። ያንቺው ሁለተኛው ይመስለኛል። የትኛው መሆኑን ማወቅ ደግሞ ለወሬ አይደለም። ስንት ሳምንት እንደምትታገይ የሚወስነው እሱ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ልንገርሽ። ማይት ነፍሳት አይደለም። የሸረሪት፣ የጊንጥና የመዥገር ዘመድ ነው። ሰው ላይ እከክ የሚያመጣውም ተባይ ከዚሁ ወገን ነው። ክንፍ የለውም። ሲያድግ ስምንት እግር አለው፤ ከእንቁላል ሲወጣ ግን ስድስት ብቻ ነው። አንቺ የገዛሽው መድኃኒት ለነፍሳት የተሠራ ነው። ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ነው። ተምችና ክሽክሽ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ይሠራ ነበር። ማይቱን ግን እምብዛም አይጎዳውም፤ ማይቱን የሚበሉትን አዳኞች ነው ጠራርጎ የሚፈጃቸው። ይባስ ብሎ ፓይሬትሮይድ በተረጨበት ቅጠል ላይ ማይት ከበፊቱ በላይ ሲራባ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በየእርሻው መረጨት ሲጀምር፣ እዚህ ግባ የማይባለው ማይት ዋና ተባይ ሆኖ ቁጭ ያለው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «ባሰባት» ያልሽው እውነትሽን ነው። የሱቁ ሰውም ተንኮል የለበትም። «ቅጠል የሚበላ ተባይ» ስትይው እጁ ወደለመደው ዕቃ ሄደ።

እኔ ዝዋይ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻ ላይ ለዓመታት «ስካውት» ነበርኩ። የስካውት ሥራ መርጨት አይደለም፤ ማየት ነው። አጉሊ መነጽር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ በየመደቡ ትዞራለህ። ቅጠል ትገለብጣለህ፣ ትቆጥራለህ፣ ትመዘግባለህ። የሚረጨው ሰው የሚመጣው አንተ «እዚህ ጋ አለ» ካልክ በኋላ ነው። ከዚያ ሥራ ይዤው የወጣሁት አንድ ልማድ ቢኖር ሳላይ አለመርጨት ነው። እሱንም ቢሆን አንድ ጊዜ ረስቼው ዋጋ ከፍያለሁ፤ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ብርማው ቀለም ከየት መጣ? የማይት አፍ እንደ መርፌ ነው። የቅጠሉን የላይኛ ሴሎች አንድ በአንድ ይወጋና ውስጣቸውን ይመጥጣል። የተመጠጠው ሴል ባዶውን ይቀራል፤ አየር ይሞላዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። አንቺ ብርማ ያልሽው እሱን ነው። ሲቆይ ያ ባዶ ሴል ይሞትና ይሰረጉዳል፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። «በመርፌ የተወጋጋ» ስትዪ ሳታውቂ ልክ የሆነውን ነው የተናገርሽው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓይነቶች ልምጣ።

አንደኛው ባለ ሁለት ነጥቡ ሸረሪት ማይት ነው። ሰው «ቀይ ሸረሪት» የሚለው እሱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀይ እንኳ አይደለም። ቢጫማ አረንጓዴ ሆኖ በግራና በቀኝ ጎኑ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ጽጌረዳ ይወዳል። ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ አይመርጥም። ድር የሚያደራው ይህኛው ነው፤ ሲበዛ ቅጠሉን በቀጭን ድር ይሸፍነዋል። ፈጣንም ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል ጣይ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ወንድ ባታገኝም ትጥላለች። ከዚያ እንቁላል የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እናት ከገዛ ልጆቿ ተዳቅላ ትቀጥላለች። አንዲት ሴት ብቻ በጽጌረዳ እቅፍ ተደብቃ ቤትሽ ብትገባ ቤተሰብ ለመመሥረት ትበቃለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠፍጣፋው ማይት ነው። «የውሸት ሸረሪት ማይት» የሚሉትም አሉ። ኦርኪድ ላይ ከሚታወቁት ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቴኑዪፓልፐስ ፓሲፊከስ እና ብሬቪፓልፐስ ካሊፎርኒከስ ይባላሉ። ስሙን መሸምደድ የለብሽም። የመጀመሪያው ግን ያንቺን ዓይነት ኦርኪድ ከመውደዱ የተነሳ «የፋላኖፕሲስ ማይት» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ቀይ ነው። ርዝመቱ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቅጠል ላይ ልጥፍ ብሎ ያዘግማል። ድር የሚባል ነገር አያውቅም። እንቁላሉም ቀይ ነው፤ በመሐለኛው የቅጠል አጥንት ዳርና በቅጠሉ ብብት ውስጥ ይደረድረዋል። ትውልዱ እንደ ሙቀቱ ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ቀርፋፋ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሰው ሲያየው ቅጠሉ አልቋል።

ያንቺዋ ለገና መጥታ በየካቲት መታመሟ፣ ድር አለመኖሩ፣ ሻካራው ብርማ ጀርባ፣ ይህ ሁሉ ወደ ጠፍጣፋው ያመለክተኛል። ምናልባትም ከበቀለችበት ቤት አብሯት የመጣ ነው። እህትሽን ግን እንዳትወቅሻት። አበባ ሱቅ ቆሞ በአጉሊ መነጽር ቅጠል የሚገለብጥ ስጦታ ገዢ እስካሁን አላየሁም።

ይህ ግን ግምት ነው። አንቺ ራስሽ አረጋግጪ። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥቢና የቅጠሉን ጀርባ ከሥሩ ወደ ጫፉ አንዴ ሳብ አድርገሽ ጥረጊ። ሶፍቱ ላይ ቀይ ወይም የዛገ ብረት የመሰለ መስመር ከወጣ የጨፈለቅሻቸው ማይቶችና እንቁላሎቻቸው ናቸው። ግራጫ ብቻ ከሆነ አቧራ ነው። በመጋቢት ጎንደር ቤት ውስጥ አቧራ አይጠፋም። ቀጥለሽ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዢና ቅጠሉን መታ መታ አድርጊው። ከአቧራው መሐል የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካየሽ ባለ ድሩ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋው ስለሚለጠፍ በዚህ ዘዴ እሺ ብሎ አይወርድም፤ ወረቀቱ ባዶ ሆነ ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ከሁሉ የሚሻለው 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ነው። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሿ አጉሊ መነጽር በቂ ናት። የምታውቂው ወርቅ ሠሪ ካለ ቅጠሏን ይዘሽ ሂጂ፤ ይስቅብሽ ይሆናል እንጂ አይከለክልሽም። ስልክሽም በደንብ አቅርቦ የሚያነሳ ከሆነ ፎቶ አንሺና አጉልተሽ እይው። ቦታው የቅጠሉ ጀርባ ነው፤ በተለይ የመሐለኛው አጥንት ዳርና ቅጠል ከቅጠል የሚገናኝበት ብብት። ቀያይ ነጥቦች ታያለሽ። አጠገባቸው አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ይኖራል፤ ያ ሲያድጉ የጣሉት ቆዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስካውት ብልሃት ልስጥሽ። የሚያዘግመው ቅጠል በላተኛ ነው፤ የሚሮጠው አዳኝ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዪ አንዱ ወዲያ ወዲህ የሚጣደፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዳጅሽ ነው። ሌሎቹን እየፈለገ ነው የሚሮጠው። የተተከለችበት የእንጨት ቅርፊት ውስጥ የምታያቸው ደግሞ ሌላ ናቸው። የሚያብረቀርቁ ቡናማ ማይቶች፣ ውሃ ስታጠጪ ዘለል ዘለል የሚሉ ነጫጭ ነገሮች፤ እነዚህ የበሰበሰ ነው የሚበሉት። ኦርኪድሽን አይነኩም። በነሱ የተነሳ ስንቱ ሰው ደህናውን ተክል በመርዝ እንደሚያጥብ ብነግርሽ!

ፀሐይ ነው ወይ ላልሽው፣ ፀሐይ እንዲህ አያደርግም። ፀሐይ የመታው ቅጠል ወደ መስኮት በዞረው ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ወይም ገርጣ ያለ ቁስል ያወጣል። ቁስሉ ይደርቃል፤ ባለበትም ይቆማል። ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ያንቺው ከጀርባ ነው የጀመረው። ብርድ ግን ማሰብ ያለብሽ ነገር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደግሞ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ፋላኖፕሲስ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቆላ ልጅ ናት፤ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን አይመቻትም። የበረደው ቅጠል ከሳምንታት በኋላ የላይ ፊቱ ይሰረጉዳል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታየው አዳዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነው። ሶፍትሽ ላይ ቀይ ካልወጣና ስርጉዱ ከላይ ከሆነ መስታወቱን ጠርጥሪ፤ ሌሊት ቅጠሏ መስታወት ነክቶ ማደር የለበትም። ትሪፕስ የምትባል ቀጭን ነፍሳትም ብርማ ታደርጋለች። እሷ ግን ጥቋቁር የኩስ ነጠብጣብ ትታ ትሄዳለች፤ አበባውንም ታበላሻለች።

ሌላም ጉዳይ አለ። ብሬቪፓልፐስ ያልኩሽ ማይት ቫይረስ ያስተላልፋል። የኦርኪድ ነቁጥ ቫይረስ ይባላል፤ መጀመሪያ የተገለጸው ጃፓን ውስጥ ሲምቢዲየም በተባለ ኦርኪድ ላይ ነው። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦችና ቀለበቶች ያወጣል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም። ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ማይቱ በነከሰበት ቦታ ላይ ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለ ቅጠል ካየሽ ቁረጪና ጣዪው። መቀሱን በእሳት ለብልቢው።

ሶፍቱ ቀይ አወጣ እንበል። አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ለዪያት። ሌላ ተክል ካለሽ ከሱ አርቂያት፤ ሌላ ክፍል ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃ ስታጠጪ እሷን መጨረሻ አድርጊ፤ ከዚያ እጅሽን ታጠቢ። ማይት በእጅና በልብስ ይሄዳል፤ በጨርቅም ይሄዳል። አበባው አሁንም ካለ ቁረጪና ብርጭቆ ውስጥ አድርገሽ ሌላ ተክል በሌለበት ክፍል ተመልከቺው፤ ሲያልቅ ጣዪው። ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ግን ሳሙና አበባ ያበላሻል። ተክሏም አቅሟን ለቅጠል ብታውለው ይሻላታል። ቅርፊቱን መቀየር አያስፈልግሽም። ጠፍጣፋው ማይት የሚኖረው ቅጠል ላይ ነው፤ ሥሯን ማስጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ እጠቢያት። ዋናው መድኃኒት ይህ ነው፤ ሰው ግን ቀላል ስለሆነ ይንቀዋል። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጨምሪ። ኦሞ አይሆንም። በረኪና በፍጹም አይሆንም። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ቆራርጪ። ቅጠሉን በአንድ እጅሽ ደግፈሽ ጀርባውን ከሥር ወደ ጫፍ ጥረጊ፤ ከዚያ ፊቱን። ለእያንዳንዱ ቅጠል አዲስ ጨርቅ ወይም አዲስ የጨርቅ ፊት ተጠቀሚ። አለበለዚያ ካንዱ ወደ ሌላው እያጓጓዝሻቸው ነው። የቅጠሉን ብብት በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ግቢበት። አሥር ደቂቃ ቆይተሽ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂያት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ አንድ ጆግ ይበቃል፤ ሻወር አያስፈልግም። ስታለቀልቂ አጋድመሽ ያዣት። መሐሏ ላይ፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ልቧ ውስጥ፣ ውሃ ከቀረ ይበሰብሳል። የቀረውን በተጠቀለለ ሶፍት ምጠጪው። ሥራውን ጠዋት ሥሪው፤ ርጥብ ሆና የጎንደርን ሌሊት አትደር።

ከመጀመርሽ በፊት ግን በአንድ ቅጠል ሞክሪና ሁለት ቀን ጠብቂ። ካልተቆጣ ቀጥዪ።

ይህን አንዴ አድርገሽ ብትተዪ ግን ምንም እንዳላደረግሽ ቁጠሪው። ሰው የሚሸነፈው በእንቁላሉ ነው። ሳሙና የሚገድለው የነካውን፣ ለዚያውም ለስላሳውን ነው። እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ማይቱ በሚያድግበት መሐልም ደርቆ የሚቀመጥባቸው ቀናት አሉ፤ ያኔ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ የሚረጨውም ብዙ አይሰማውም። ስለዚህ የተፈለፈለው ራሱ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ልትደርሺበት ይገባል። ባለ ድሩ ከሆነ በየአራት አምስት ቀኑ፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ጠፍጣፋው ከሆነ በየሳምንቱ፣ ለስምንት ሳምንት። ብዙ መሰለሽ? አንድ ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን የምትጾም ሴት ስምንት ቅዳሜ ቅጠል ማጠብ አያቅታትም። እኔ ቀኑን ቅዳሜ አድርጌዋለሁ፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ቡና ካነሳን አይቀር፣ አንዳንድ ሰው የዕጣን ጭስ ማይት ያባርራል ይላል። አያባርርም። እንዲያውም ከከሰሉ የሚወጣው ጭስ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ አለበት፤ ኦርኪድ ደግሞ ኢቲሊን ሲሸታት እምቡጧን ታራግፋለች። የበሰለ ሙዝም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ረከቦቱ ወዲያ ማዶ፣ ኦርኪዷ ወዲህ ማዶ፤ የፍራፍሬ ሳህኑም ራቅ ይበል። ቡናውን ግን እንዳታስቀሪ።

ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይረዳል። በጥጥ ነክረሽ ብብቱን ስትጠርጊ ጥሩ ነው፤ የነካውን ወዲያው ይገድላል። ቅጠሉን በሙሉ በሱ አታጥቢ። አዲሱን ለጋ ቅጠልና የሥሩን ጫፍ አታስነኪው። ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት ደግሞ ጠርሙሱን አትክፈቺ።

ዘይትም ይሠራል። አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ። በደንብ ትንጪውና በመርጫ ጀርባውን ታረጥቢዋለሽ። ዘይት ጥቅሙ እንቁላሉንም ማፈኑ ነው። ጉዳቱ ፀሐይ ላይ ቅጠል መጥበሱ ነው። በተረጨችበት ቀን ጥላ ውስጥ ትዋል።

በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የሚቀጠቅጡም አሉ። አመድ የሚነሰንሱም አሉ። አልመክርሽም። መጠኑን የሚያውቀው የለም፤ ኦርኪድ ደግሞ እንደ ጎመን ቻይ አይደለችም።

ድኝ ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው። በውሃ የሚበጠበጠው የድኝ ዱቄት በተለይ ጠፍጣፋውን ማይት ይጎዳዋል። ቀደም ብዬ ያልኩሽ ስህተቴ የመጣውም በሱ ነው። ቤቴ አምስት ኦርኪዶች ነበሩኝ። አንድ ቀን ብርማ ነገር አየሁና ሳልመረምር ዘይት ረጨሁ። በአምስተኛው ቀን «አልጠፋም» ብዬ ድኝ ደገምኩበት። ዘይትና ድኝ ተከታትለው ሲገናኙ ቅጠል ያቃጥላሉ፤ ይህን ለሌላ ሰው ስንቴ ተናግሬዋለሁ። ሦስቱ ቅጠላቸው ተለብልቦ ሞቱ። ብርማ ያልኩት ነገር በኋላ ስመረምረው የትሪፕስ ሥራ ነበር። ስለዚህ ዘይት የነካት ተክል ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላት ድኝ አትይ። ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት ጊዜም ድኝ አይረጭ። መጋቢትና ሚያዝያ ጎንደር ላይ ወደዚያ የሚጠጉ ቀናት ስላሉ፣ እኔ ብሆን አሁን ድኙን ትቼ በሳሙናው እቀጥላለሁ።

እነዚህ ሁሉ ካልበቁ የማይት መድኃኒት አለ። አባሜክቲን የሚባለው በጽጌረዳና በቲማቲም ላይ ስለሚሠራበት የግብርና ሱቆች ያውቁታል። ቅጠል ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ የሚንቀሳቀሱትን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን መደገም አለበት። ከሁለት ጊዜ በላይ በተከታታይ አትጠቀሚው፤ ማይት መድኃኒት በመልመድ የሚያህለው የለም። ሄክሲታያዞክስ የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው እንቁላልና ጨቅላውን ነው የሚያጠቃው። ሁለቱን እያፈራረቁ መሥራት የእርሻዎች ልማድ ነው።

ለአንድ ኦርኪድ ብለሽ መርዝ ቤት ማስገባቱ ግን ለኔ አይዋጥልኝም። የግድ ከሆነ በሀይላንድ ፕላስቲክ እየተቀነሰ የሚሸጠውን አትግዢ። መለያው ያልተቀደደ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ መጠኑ የተጻፈበት ይሁን። የምትረጪው ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ጓንትና ማስክ አድርገሽ ነው። ጎረቤት ቀፎ ካለው ንገሪያቸው፤ አባሜክቲን ንብ ይገድላል። ሲደርቅ ነው ወደ ቤት የምትመለሰው። ሳሎን ውስጥ ልጆች ባሉበት ፍጹም አይረጭም። ሁለቴ የረጨሽውን ላምዳ-ሳይሃሎትሪንም ቅጠሏን ስታጥቢ ከላይዋ ታወርጂዋለሽ፤ የተረፈውን ጠርሙስ ግን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት።

«አዳኝ ማይት የሚባል አለ አሉ» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አለ። ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል፤ ብርቱካንማ፣ ፈጣን፣ ሆዳም ነው። በኢትዮጵያ ጽጌረዳ እርሻዎች ባለ ድሩን ለመቆጣጠር ይጠቀሙበታል። በመርዝ ብዛት አልቀመስ ያለ ማይት በሱ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ያንቺን አይረዳም። እሱ የሚያድነው ባለ ድሩን ነው፤ ጠፍጣፋውን ዞር ብሎም አያየው። ለአንድ ቤት ብሎ የሚሸጥልሽም አታገኚም።

ስለ ቤትሽ ጥቂት ልበል። ማይት ደረቅ አየርና አቧራ ይወዳል። ጎንደር ከጥቅምት ወዲህ እስከ ግንቦት ድረስ የሚበዛው ይኸው ነው። ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ጠጠር አድርጊና ውሃ ጨምሪበት። ኦርኪዷን ጠጠሩ ላይ አስቀምጫት፤ ሥሯ ውሃውን አይንካ። አየሩ በዙሪያዋ ትንሽ ይርጥባል። ይህ ብቻውን ማይት አይገድልም፤ ግን ያዘገየዋል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ስስ መጋረጃ ይውረድ። ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ አጠራቅሚላት፤ ከቧንቧው ይልቅ ይስማማታል።

ለበዓል ጽጌረዳ ሲመጣልሽ አጠገቧ አታስቀምጪ። አዲስ ተክል ስትገዢም አንድ ወር ለብቻው ይቆይ።

ብዙ ሰው ኦርኪድ ቅምጥል ናት ብሎ ይፈራታል። እኔ አይመስለኝም። የዚህች ዘመዶች በየዱራችን አሉ፤ አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት። አንዳንዶቹ በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ ያለ አፈር ይኖራሉ። የፋሲል መዋኛን አጥር ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች አይተሻል አይደል? ኦርኪድም በሥሮቿ እንዲያ አድርጋ ነው ዛፍ የምትይዘው፤ ዛፉን ግን አትጎዳውም። ቅጠሏን ያጣች ኦርኪድ እንኳ ሥሯ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ስታጥቢያት ሥሯንም እዪ። ውሃ ሲነካው አረንጓዴ የሚሆን፣ ስትጫኚው የማይጨመቅ ሥር ካላት በሕይወት አለች።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ኋላ «አልሠራም» እንዳትዪኝ። ብርማው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ባዶ የቀረ ሴል አይሞላም። ማይቱ በሙሉ ቢያልቅም ጠባሳው እንዳለ ይኖራል። ቢጫ እስካልሆነ ድረስ ቅጠሉን አትቁረጪው፤ ጠባሳም ቢሆን ምግብ ይሠራል። መዳኗን የሚነግርሽ ከልቧ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው። ዛሬ የአዲሷን ቅጠል ርዝመት ለኪና ወረቀት ላይ ከነቀኑ ጻፊ። መትከያው ላይ ለጥፊው። በየቅዳሜው ሶፍቱን ድገሚ፤ ቀይ ወጣ ወይስ አልወጣም ብለሽ አጠገቡ ምልክት አድርጊ። ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ ነጭ ከወጣና የአዲሱ ቅጠል ጀርባ ለስላሳ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወደ ሌሎቹ ተክሎችሽ መልሻት። በአራተኛው ሳምንት አሁንም ቀይ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ከነፎቶው ላኪልኝና የትኛውን የማይት መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደምትጠቀሚ አብረን እናያለን።